ለፎገራ ላሞች የገዛኋት ላፕቶፕ

በክረምት የፎገራ ሜዳ መሬትነቱን ይተዋል። ጣና ከዳርቻው ይነሣል፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ ይወጣል፣ ሁለቱ ሜዳው ላይ ይገናኙና ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ይተኛል። ከወረታ ከተማ ወጣ ብዬ ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር ስቆም ሰማዩ ከላይም ከታችም ይሆንብኝ ነበር። ደመናው በሩዙ መካከል ቀስ እያለ ያልፋል፤ ላሞቹ እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ደመናውን የሚግጡ ይመስላሉ። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ባለሙያ ሆኜ ተመድቤ ነበር፤ ከዚያ በፊት ላም በቅርብ ያየሁት ለልምምድ በወጣንበት እርሻ ብቻ ነው። ብዙ ጠዋት ቢሮ ከመግባቴ በፊት እዚያ አስፋልት ዳር ቆሜ ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎሩትን ላሞች አያለሁ። ወደ ቀበሌዎቹ ስወጣም በሞባይሌ ፎቶ አነሣቸዋለሁ። ለምን ታነሻቸዋለሽ ለሚለኝ ሁሉ «ለሥራ ነው» እል ነበር። እውነቱ ግን ስለሚያምሩ ነው።

ሥራዬ የፎገራን ላም ዘር እንዳይጠፋ ጠብቁ ብሎ ገበሬውን ማስረዳት ነበር። ላሟ ረግረጉን ለምዳ የኖረች፣ ወተት የማትነፍግ ናት፤ ግን ሩዝ ከመጣ ወዲህ ግጦሹ ጠቧል፣ ከሌላ አገር በመጣ ኮርማም ዘሯ እየተደባለቀ ነበር። ጥሩውን ኮርማ ለይታችሁ አቆዩ፣ የሩዙን ገለባ እንዲህ አዘጋጅታችሁ አብሏት እያልኩ ከቀበሌ ቀበሌ እዞራለሁ። የማስተምረው ትልቅ ወረቀት ላይ በማርከር እየሣልኩ ነው። ሥዕል ደግሞ አልችልም። አንድ ቀን የሣልኩትን ኮርማ ዛፍ ላይ ሰቅዬ ሳስረዳ፣ ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ በትሕትና እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይኸ ፍየል ስለ ላም ምን ሊነግረን ነው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን ፊቴ እንደጋለ ነበር።

በማግሥቱ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። ጽሕፈት ቤቱ ኤልሲዲ እንዳለው አውቃለሁ። ኤልሲዲ የምንለው ሥዕሉን ግድግዳ ላይ የሚያበራውን ፕሮጀክተር ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ አቧራ ይጠጣ ነበር።

«ኤልሲዲው አለ» አሉኝ። «የሚያናግረው ላፕቶፕ ነው የሌለን። ጠይቀናል፤ ሲመጣ ይመጣል።»

ሲመጣ ይመጣል የተባለ ነገር መቼ እንደሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። የራሴን ልገዛ ወሰንኩ። አዲስ ላፕቶፕ በእኔ ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም፤ ባሕር ዳር ግን አገልግለው የታደሱ በደህና ዋጋ እንደሚገኙ ሰማሁ። የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ፎቶ ማሳየት፣ ከፎቶው በታች ሁለት ሦስት መስመር መጻፍ፣ በቃ።

በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል፣ አንዲት ከአንበሳሜ ከተማ የመጣች ልጅ ትኖር ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ከመጣሁ ጀምሮ ጓደኛዬ እሷ ነበረች። ሠርጓ ደርሶ ለአዲሱ ቤቷ የመጋረጃ ጨርቅ ልትገዛ ባሕር ዳር መሄድ ፈልጋለች። ላፕቶፑን ስነግራት አላቅማማችም።

«አንች መጋረጃዬን ትመርጭልኛለሽ፣ እኔ ላፕቶፕሽን እመርጥልሻለሁ» አለች።

«ስለ ላፕቶፕ ምን ታውቂያለሽ?»

«አንችስ ስለ መጋረጃ ምን ታውቂያለሽ?»

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። ካፊያ ነበር። መስኮቱ በትንፋሻችን ታፍኖ ሜዳው በጭጋግ ውስጥ ይታይ ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ አንድ ዛፍ፣ ወይም ውኃ ውስጥ የቆመ አንድ ሰው፣ ብቅ ብሎ ይቀራል። ጓደኛዬ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔ የኤልሲዲውን ገመድ ከቢሮ ተውሼ፣ ፎቶዎቼን በፍላሽ ይዤ፣ ቦርሳዬን አቅፌ ነበር። ባሕር ዳር ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ዘንባባዎቹ ያንጠባጥቡ ነበር።

የመጀመሪያው ሱቅ በመስተዋት ያበራል። ሻጩ ምን እንደምፈልግ ሳይጠይቀኝ አንዱን ብድግ አድርጎ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ማስቀመጫው ስፋት፣ ስለሚያጫውተው ጌም ቁጥር በቁጥር አወረደልኝ። ላፕቶፑ እውነትም ያምር ነበር፤ እንደ ትሪ ስስ ነው። ገመዴን አውጥቼ ብፈልግለት ግን የሚሰካበት የለውም። «ይህ እኮ ያረጀ ገመድ ነው፤ ኤልሲዲውን ቀይሩት» አለኝ። ለኃላፊያችን ይህንን ስነግራቸው ፊታቸው ምን እንደሚመስል አስቤ ሳቄ መጣ።

ቀጥሎ የገባንበት ሱቅ ርካሽ ነበር። እዚያ ደግሞ ጓደኛዬ ናት ያዳነችኝ። የላፕቶፑን ስክሪን ልክ ጨርቅ እንደምታይ ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ይኸ ጥግ ላይ ያለው ጥላ ምንድን ነው?»

«እሱ ምንም አይደል፣ ሲለምዱት አይታይም» አለ ሻጩ።

«መጋረጃ ቢሆን ኖሮ እድፍ ነበር የምንለው» አለችና እጄን ይዛ ወጣች።

ሦስተኛው ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጠባብ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ጎልማሳ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ላፕቶፕ ዘርግቶ በትንሽ ብሩሽ ይጠርጋል። ቀና ብሎ ሰላም ካለን በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ነበር።

«ምን ልትሠሪበት ነው፣ እህቴ?»

«ላሞች ላሳይበት» አልኩት።

ብሩሹን አስቀመጠ። የምቀልድ መስሎት ፊቴን አየ፤ እንዳልቀለድኩ ሲገባው ወንበር ሳበልን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ ፍየል የተባለውን ኮርማ፣ መብራት የሌለባቸውን ቀበሌዎች፣ መንገዱ በውኃ ሲዋጥ የምንሄድበትን ታንኳ።

«እንግዲያው ብዙ ጉልበት አያስፈልግሽም» አለ። «ለፎቶና ለጥቂት ጽሑፍ መካከለኛው ይበቃሻል። ለጉልበት የምትከፍይውን ለባትሪ ክፈይው። እኔ ጋ ያሉት ውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ኖረው የመጡ ናቸው፤ ከፍቼ አጸዳቸዋለሁ፣ የደከመውን እቀይራለሁ። ይህችኛዋን ባትሪዋን ቀይሬያታለሁ። መልኳ አያምርም።»

እውነትም አታምርም ነበር። ጥቁር፣ ወፈር ያለች፣ ክዳኗ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ምልክት ተልጦ የቀረ ደብዛዛ አራት ማዕዘን ያለባት። ገመዴ ግን ጎኗ ላይ ሲሰካ ጠቅ ብሎ ገባ። ፍላሼን ሰካሁና ላሞቼ ተከፈቱ። ጓደኛዬ አንሥታ በረንዳ ላይ አወጣቻት፤ ከደመናው መካከል ብቅ ባለው ፀሐይ ውስጥ ይዛ ቆመች።

«ይታያሉ» አለች። «አንዷ እንዲያውም እያየችኝ ነው።»

ባትሪውን እንዴት እናምናለን ብዬ ስጠይቅ ሰውየው ቅር አላለውም። «ቻርጀሩን ነቅለን፣ ፎቶዎችሽ በራሳቸው እንዲገላበጡ አድርገን እዚህ መስኮት ላይ እናስቀምጣት። እናንተ ምሳችሁን ብሉ፣ ጉዳያችሁንም ጨርሱ። ስትመለሱ ካልጠፋች ትወስጃታለሽ፤ ከጠፋች እኔው ጋ ትቀራለች።»

ሄድን። ከጣና ዳር ተቀምጠን ዓሣ በላን። ሐይቁ ግራጫ ነበር፤ ከሰማይ የሚለየው መስመር ጠፍቶ፣ አንዲት ታንኳ አየር ላይ የተንሳፈፈች ትመስል ነበር። ጓደኛዬ ስለምታገባው ሰው አወራችልኝ፤ ዝምተኛ ስለመሆኑ፣ ዝምታው አንዳንዴ እንደሚያስፈራት፣ አንዳንዴም እንደሚያሳርፋት። ከዚያ ጨርቅ ቤቶቹ ውስጥ ጠፋን። ሰማያዊውን ታነሣለች፣ ትተወዋለች፣ ክሬሙን ትነካለች፣ ትተነፍሳለች። በመጨረሻ ንጹሕ ነጭ፣ ከዳር እስከ ዳሩ ቀጭን ቅጠል የተጠለፈበት መረጥን። ይህ ሁሉ ሲሆን ውስጤ ያቺ መስኮት ላይ የተውኳት ጥቁር ላፕቶፕ አለች፤ ታማሚ ጥዬ የወጣሁ ይመስል አስባታለሁ።

ስንመለስ ከሱቁ ፊት ሰዎች ቆመው አየን። ደንግጬ ፈጠን ፈጠን አልኩ። ምንም አልሆነም። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ ዘንቢል የያዙ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ወታደር፣ መስኮቱ ላይ አፍጥጠው ላሞቹን እያዩ ነበር። አንዷ ላም ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። ውኃው፣ ሩዙ፣ እንደገና ላም። ባለሱቁም ብሩሹን ትቶ በውስጥ በኩል ክንዱን ተመርኩዞ ያያል።

«እኔም እኮ የዚያው ሜዳ፣ ከፎገራ አጠገብ የሊቦ ልጅ ነኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከወጣሁ ቆየሁ።»

ገዛኋት። በሚኒባሱ ስንመለስ ጭኔ ላይ አድርጌ ክዳኗን ከፍቼ ቁልፎቿን ዳሰስኩ። አንዳንዶቹ ፊደላት ተፍቀው ጠፍተዋል። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው ከተማ፣ ምናልባት በረዶ በሚጥልበት መስኮት አጠገብ፣ ስንት ዓመት ጣቶቹን እዚህ ላይ አሳርፎ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ያ ሰው ይህች ዕቃ በስተርጅናዋ በሐሙሲት ከተማ በኩል በሚያልፍ መንገድ፣ በመጋረጃ ጨርቅና በሽንኩርት ከረጢት መካከል፣ ላም ልታሳይ እንደምትሄድ ቢነግሩት ያምን ነበር? ጨለምለም ሲል ሜዳው ላይ ያለው ውኃ የመጨረሻውን ብርሃን ይዞ ቀረ። ጓደኛዬ እንደገና ተኛች።

የመጀመሪያው ስብሰባ መስከረም ካለፈ በኋላ ነበር። ውኃው መሸሽ ጀምሯል፤ ወደዚያ ቀበሌ የሚወስደው መንገድ ግን ገና አልወጣም ነበርና በታንኳ ሄድን። ላፕቶፗን በላስቲክ፣ ከላይ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ እንደ ሕፃን አቅፌያታለሁ። ቀዛፊው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው። ረጃጅም እግር ያላቸው ነጫጭ ወፎች ታንኳዋ እስክትደርስባቸው ይጠብቁና፣ ሳይቸኩሉ ተነሥተው ትንሽ ራቅ ብለው ያርፋሉ። ከመቅዘፊያው በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

የገበሬዎች ማሠልጠኛው አንድ ትልቅ የጭቃ ቤት ነው። ሰዉ አስቀድሞ ሞልቶታል፤ መስኮቶቹን በጋቢ ጋረዷቸው። ከቀበሌው የመጣች ትንሽ ጀኔሬተር ውጭ ታጉረመርማለች። ኤልሲዲው በርቶ የመጀመሪያዋ ላም ግድግዳው ላይ ስትቆም፣ ከቤቱ ውስጥ አንድ ረጅም «እእእ...» የሚል ትንፋሽ ወጣ። ግድግዳው ስላልተለሰነ የላሟ ቆዳ ጭድ ጭድ ይል ነበር፤ የበለጠ እውነተኛ አደረጋት። ስለ ኮርማው አስረዳሁ፣ ስለ ገለባው አስረዳሁ። ፍየል ነው ያለ የለም። ይጠይቁኛል፣ ይከራከሩኛል፣ ፎቶውን መልሽው ይሉኛል።

ወደ መጨረሻው አካባቢ አንዲት ቡሬ ላም መጣች፤ ግንባሯ ነጭ፣ ጎኗ ላይ ሐይቅ የመሰለ ጥቁር ያለባት። ከኋላ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ።

«ቆይ እስቲ! አንች ልጅ፣ ቆይ። ይች እኮ የኔ ናት።»

ሰዉ መንገድ ሰጣቸው። በትራቸውን ተደግፈው እስከ ግድግዳው ድረስ መጡ። ጥላቸው ላሟ ላይ ወደቀ፤ ሲያዩት ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ እንዳይጋርዷት ነበር።

«ከክረምቱ በፊት ነው ያነሣኋት፣ እመይቴ» አልኳቸው። «አሁን የት ናት?»

«ሸጥኋት። ድርቆሹን ውኃ ወሰደብኝና የማበላት ባጣ፣ የወንድሜ ልጅ ወደ ገበያ ነዳልኝ። እኔ አሞኝ ተኝቼ ነበር። ስትወጣ እንኳ አላየኋትም።»

እጃቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ሊነኩ ሲሉ ውጭ ጀኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ዝም አለ። ቤቱ ጨለመ።

«ሄደች?» አሉ አሮጊቷ በጨለማው ውስጥ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ነበር።

«አልሄደችም» አልኳቸው። «እዚህ አለች። ይምጡ።»

ላፕቶፗ አልጠፋችም ነበር። ላሟ ከግድግዳው ወርዳ፣ ትንሽ ሆና፣ መዳፍ በምታህል ብርሃን ውስጥ ቆማለች። አሮጊቷን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ላፕቶፗን ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። ሌሎቹ ነዳጅ ፍለጋ ወጡ፤ መስኮቶቹን የጋረዱት ጋቢዎች ግን እንዳሉ ናቸው። የእሳቸው ፊት ብቻ ከታች በበራው ሰማያዊ ብርሃን ይታየኛል። ለረጅም ጊዜ አዩ። ጣታቸውን ሳያስነኩ በጥቁሩና በነጩ ድንበር ላይ አዞሩት።

«አውራ ጣቴን ትልስ ነበር» አሉኝ። «ካልላሰች አትታለብም።»

ከዚያ ጣታቸው ቆመ። የፎቶው ጥግ ላይ፣ ከላሟ ኋላ፣ ጎንበስ ብሎ ቅል የያዘ ሰው ጀርባ ይታያል። እኔ ስንት ጊዜ ሳየው ልብ ብዬው አላውቅም።

«ይች ደግሞ ማን ናት?»

ቀሚሱን አየሁ፣ የራስ ሻሹን አየሁ፣ እሳቸውን አየሁ።

«እርስዎ ነዎት መሰለኝ፣ እመይቴ።»

«እኔ?» አሉና ተጠጉ። «እኔ እንዲህ ጎብጫለሁ እንዴ?»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። እየሳቁ ነበር። «ላሜን ላያት መጥቼ ይችን አሮጊት አገኘሁ! እዩልኝ፣ እንደ ማጭድ!» ሳቃቸው ሌሎቹንም ከደጅ መለሳቸው፤ ሁሉም በየተራ እየጎነበሱ ላሟንና ከላሟ ኋላ ያለችውን ሴት አዩ። ነዳጁ ሲገኝ ማንም ወደ ግድግዳው መመለስ የፈለገ አልነበረም። እኔም ስለ ገለባው የቀረኝን እዚያው፣ ላፕቶፗ በአሮጊቷ ጭን ላይ እንዳለች፣ በቃል ጨረስኩ።

ፎቶውን ወረታ ፎቶ ቤት አሳጥቤ በልማት ሠራተኛው እጅ ላኩላቸው። ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ የራሳቸውን ምስል በመቀስ ሊያስቆርጡት ፈልገው ነበር አለኝ፤ ከዚያ «ላሟ ብቻዋን ከምትቆም» ብለው ተዉት። ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርገው ሰቀሉት።

በዚያ ቀበሌ አንዳንዶቹ ኮርማቸውን ለይተው አቆዩ፤ ብዙዎቹ አላቆዩም። ሩዝ ቶሎ ያበላል፣ ላም ትዕግሥት ትፈልጋለች። በዚህ ላፕቶፕ ምን ለወጥሽ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምናገረው ትልቅ ነገር የለኝም። በሚቀጥለው ዓመት ደረቁ ወራት ላይ በእግሬ ወደዚያ ስሄድ ግን አሮጊቷ ከአጥራቸው ደጅ አገኙኝ። አንዲት ዳለቻ ጊደር በገመድ ይዘዋል፤ ከእህታቸው ልጅ ነው ያገኟት። ከቀድሞዋ ጋር በምንም አትመሳሰልም።

«ይችንም አንሻት» አሉኝ። ሞባይሌን ሳወጣ ከጊደሯ ጎን ቆሙና በትራቸውን መሬት ላይ ጣሉ፤ ቀስ ብለው፣ ከወገባቸው እስከ አንገታቸው፣ የቻሉትን ያህል ቀና አሉ። እስካነሣቸው ድረስም አልተነፈሱም።

ከዚያ ወዲያ እኔ ብዙ አልቆየሁም፤ ዝውውር አግኝቼ ሄድኩ። የሄድኩበት ጠዋት የማሳው ሩዝ ታጭዶ ሜዳው በነዶ ተሞልቶ ነበር። ወረታ መገንጠያው ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ የአንበሳሜዋ ጓደኛዬ ልጇን አቅፋ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ ባሏ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ፣ ሻንጣዬን ይጠብቃል። ከአዲስ ዘመን ከተማ ገበያ የሚመጡ የጭነት መኪኖች እያለፉ አቧራውን ያነሡታል፤ አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ወርቅ መስሎ ይቆምና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ልጁ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው ይሞክራል። አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ ሦስታችንም ልጁን ስናይ ቆየን።